በጃፓን የእንጨት ኅትመቶች ላይ የሚያብለጨልጨው «ወርቅ» ከምን ተሠራ?

የጃፓን የእንጨት ኅትመቶችን በሚያሳይ ቤተ መዘክር ውስጥ ከሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ካርድ የሚያነብ ጎብኚ ብዙ ጊዜ «ጥቁር ቀለም፣ ኅብረ ቀለምና የብረታ ብረት ዱቄት በወረቀት ላይ» የሚል ዓይነት መግለጫ ያገኛል። በሥዕሉ ላይ የጦረኛው የራስ ቁር ወርቅ መስሎ፣ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውኃ ደግሞ ብር መስሎ ይታያል፤ ካርዷ ግን ወርቅ ወይም ብር የሚለውን ቃል ሆን ብላ ትሸሻለች። በእነዚህ ኅትመቶች ላይ ወርቅ የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ አይደለም፤ ብር የሚመስለውም ብር ላይሆን ይችላል፤ በዓይን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሆነ መማል ደግሞ አይቻልም። ይህ ማብራሪያ ያ የተድበሰበሰ ሐረግ ምን እንደሚሸፍን፣ ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት ወረቀት ላይ እንደተያዘ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ለምን መልኩን እንደቀየረ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሚምታቱ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በጃፓን ኅትመቶች ላይ ከሚገኙት ቀለሞች ብዙዎቹ በውስጣቸው ብረታ ብረት አለባቸው። ታን የሚባለው ብርቱካናማ ቀለም ከእርሳስ፣ ደማቁ ቀይ ከሜርኩሪና ከድኝ ውሑድ፣ ከ1830 ገደማ ጀምሮ በሠዓሊው ካቱሺካ ሆኩሳይ የፉጂ ተራራ ሥዕሎች ዝናው የወጣው የፕሩሲያ ሰማያዊ ደግሞ ከብረት (አይረን) ውሑድ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ግን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተዋህደው ጨው ወይም ኦክሳይድ ስለሆኑ የብረታ ብረት ጠባያቸው ጠፍቷል፤ እንደማንኛውም ቀለም ይታያሉ እንጂ አያብለጨልጩም። ሁለተኛው ወገን ሚካ ነው፤ እርሱ ያብለጨልጫል፣ ነገር ግን ብረት ሳይሆን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስስ በስሱ የሚላቀቅ የድንጋይ ማዕድን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ምንም ሳይዋሃድ እንደ ብረትነቱ ተፈጭቶ ወረቀት ላይ የተጣበቀው ዱቄት ነው፦ ናስ፣ መዳብ፣ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑ ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት)፣ ብር፣ አልፎ አልፎም ወርቅ። በአማርኛ ናስና ነሐስ እየተቀያየሩ ስለሚነገሩ፣ እዚህ ናስ ስል የመዳብንና የዚንክን ቅይጥ ብቻ ማለቴ እንደሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

ዱቄቱ ለአታሚው ለምን ፈተና እንደሆነ ለመረዳት የተለመደውን የኅትመት አሠራር ማወቅ በቂ ነው። ሠዓሊው ንድፉን በቀለም ይነድፋል፤ ቀራጩ ንድፉን በጠንካራ የቼሪ እንጨት ላይ ለጥፎ ይፈለፍላል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ እንጨት ይዘጋጃል፤ አታሚው ደግሞ በውኃ የተበጠበጠውን ቀለም ከጥቂት የሩዝ ማጣበቂያ ጋር በብሩሽ እንጨቱ ላይ ይቀባና እርጥብ ወረቀት ያነጥፍበታል። ከዚያም ባረን በሚባለው፣ በቀርከሃ ሽፋን በተጠቀለለ ክብ ማሻሻ የወረቀቱን ጀርባ አጥብቆ ይፈትጋል። ማተሚያ መኪና የለም። ወረቀቱ ከኮዞ ዛፍ ልጥ የሚሠራ፣ ረጃጅም ጭረት ያለው በመሆኑ ቀለሙን ከላይ ብቻ አይቀበልም፤ ወደ ውስጡ ያስገባዋል። የጃፓን ኅትመት ከሌላው የሚለይበት ያ ለስላሳ ጥልቀት የሚመጣው ቀለሙ በጭረቱ መካከል ስለሚቀመጥ ነው።

የብረት ዱቄት ግን እንዲህ ለማድረግ አይመችም። ናስ ከውኃ ስምንት ተኩል እጥፍ ያህል፣ ወርቅ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ በውኃ የተበጠበጠው ዱቄት አታሚው ብሩሹን አንሥቶ እስኪመለስ ድረስ ሳህኑ ሥር ይዘቅጣል። ቅንጣቶቹ እንደ ዕፅዋት ቀለም በውኃ አይሟሙም፣ ወደ ጭረቱም አይሰርጹም፤ ላዩ ላይ ይቀራሉ። ቢሰርጹም ጥቅም የለውም፤ ጭረት ውስጥ የተቀበረ ብረት ብርሃን አያገኝምና ግራጫ እድፍ መስሎ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ተራው ቀለም ወደ ወረቀቱ እንዲገባ ሲፈለግ፣ ብረቱ ግን ከወረቀቱ በላይ እንዲቀመጥና እንዳይረግፍም እንዲያዝ ያስፈልጋል። አታሚዎቹ ያዳበሩት ጥበብ በሙሉ ከዚህ አንድ ችግር የመነጨ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማብለጭለጭ ራሱ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ለስላሳ የብረት ገጽ በላዩ የወደቀውን ብርሃን እንደ መስተዋት በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል። ያንኑ ብረት በሞረድ ሞርደን ክብና ሻካራ ብናኝ ብናደርገው እያንዳንዱ ቅንጣት ብርሃኑን በየፊናው ስለሚበትነውና ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ስለሚከላለሉ፣ የሚታየው የደበዘዘ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዱቄት የሚባለው በጣም የደቀቀው ሳይሆን ጠፍጣፋው ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጥፎ ወረቀቱ ላይ በጀርባው የተኛ ቅንጣት እንደ ጥቃቅን መስተዋቶች ስብስብ ይሠራል። ለዚህም ብረቱ አስቀድሞ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል፣ ከዚያ በኋላ ይፈጫል። ወርቅ ሲሆን ደግሞ የሳሳው ንጣፍ በሙጫ ተለውሶ ሳህን ላይ በጣት ለረጅም ጊዜ እየታሸ ይደቅቃል። ጃፓኖች በዚህ መንገድ የተገኘውን ውጤት ኪንዴይ ይሉታል፤ ትርጉሙ «የወርቅ ጭቃ» ማለት ነው። ከብር ሲሠራ ጊንዴይ፣ «የብር ጭቃ» ይሆናል። ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው ያወጣው ስም እንደሆነ ያስታውቃል።

ወደ አያያዙ ስንመለስ፣ ሁለት ዋና መንገዶች ነበሩ። በመጀመሪያው መንገድ አታሚው እንጨቱ ላይ የሚቀባው ቀለም ሳይሆን ማጣበቂያ ነው፤ ይህም ኒካዋ የሚባለው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚቀቀል ሙጫ ወይም የሩዝ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ወረቀቱ ላይ ሲታተም የሚፈለገውን ቅርጽ፣ ለምሳሌ የአበባ ቅጠሎችን፣ በማይታይ ሙጫ ይሥላል ማለት ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፤ ከደረቀ በኋላ ሙጫ የሌለበት ቦታ ላይ የወደቀው ትርፍ ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። በሁለተኛው መንገድ ዱቄቱ ከሙጫው ጋር አስቀድሞ ይለወስና እንደ ቀለም እንጨቱ ላይ ተቀብቶ ይታተማል። የመጀመሪያው የበለጠ ያብለጨልጫል፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ከሙጫው በላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ብዙ ዱቄት ያባክናል፣ ሲነካም ይረግፋል። ሁለተኛው ቀጭን መስመር ለማተም ይመቻል፣ የበለጠም ይጸናል፤ ሆኖም ሙጫው እያንዳንዱን ቅንጣት ስለሚሸፍነው ብልጭታው ይቀንሳል። ሁለቱንም የሚያከብድ አንድ ነገር አለ፦ የእንስሳ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። አታሚው ሙጫውን እያሞቀ፣ ዱቄቱን እያማሰለ፣ ወረቀቱ እርጥበቱን ሳይለቅ መሥራት ነበረበት። ደግሞም አንድ ጊዜ ብናኙ በሥራ ክፍሉ ከተበተነ በሌላው ቀለም ሁሉ ውስጥ ስለሚገባ፣ ብረቱ ወደ መጨረሻ አካባቢ እንዲታተም መደረጉ አያስገርምም።

የብረት ዱቄት በኅትመት ላይ መታየት የጀመረው ብዙ ቀለም በእንጨት ማተም ከመለመዱ በፊት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሚታተመው ጥቁሩ መስመር ብቻ ነበር፤ ቀለሙ በእጅ ይቀባል። ከ1720ዎቹ ጀምሮ እንደ ኦኩሙራ ማሳኖቡ ያሉ ሠዓሊዎች ኡሩሺ-ኤ በሚባለው ስልት ጥቁሩን ቀለም ሙጫ እያበዙ እንዲያብረቀርቅ ያደርጉት ነበር። ስሙ «የላኬር ሥዕል» ማለት ቢሆንም እውነተኛ ላኬር (ከዛፍ ወተት የሚገኝ አብረቅራቂ ቅብ) አልነበረበትም፤ የሚያብረቀርቀው ሙጫው ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ በተዋናዩ ልብስ ወይም በሴቲቱ መቀነት አካባቢ ሙጫ ተነጥቦ የናስ ብናኝ ይበተንበታል። ገዢው ለከበርቴዎች ብቻ የሚሠራውን፣ በጥቁር ላኬር ላይ የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበትን ሣጥን የሚያስታውስ ነገር በጥቂት ሳንቲም ያገኛል። አንድ ሰው ይህን ማታለል ነው ቢል አልስማማም፤ ገዢው በዚያ ዋጋ ወርቅ እንደማይሸጥ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ናስ ለምን ተመረጠ? አንዱ ምክንያት መልኩ ነው። ዚንክ ያነሰበት ናስ ወደ ቀላ፣ ዚንኩ ወደ ሲሶ የተጠጋው ደግሞ ጥርት ያለ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ቅይጡን በመለዋወጥ ብቻ የተለያየ «ወርቅ» ማግኘት ይቻላል። ሌላው ምክንያት የአቅርቦት ነው። ጃፓን በዚያ ዘመን ከታላላቅ የመዳብ አምራቾች አንዷ ነበረች፤ በሺኮኩ ደሴት ያለው የቤሺ ማዕድን ከ1691 ጀምሮ ይቆፈር ነበር። ዚንኩን ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ማዕድኑ ሲቀልጥ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተንኖ ስለሚያመልጥ፣ ንጹሕ ዚንክ ማውጣት የተለየ ብልሃት ይጠይቃል። ጃፓኖች ዚንክን በናጋሳኪ ወደብ በኩል ከቻይና ያስገቡ ነበር፤ ቶታን ይሉታል። ይህ ቃል ዛሬም በጃፓን አለ፤ የሚጠራበትም በዚንክ የተለበጠው የቤት ክዳን ነው። እኛ ቆርቆሮ የሚለውን የሌላ ብረት ስም ለዚያው ለቤት ክዳን እንደሰጠነው ማለት ነው።

የናስ ብዛት ምን ያህል ደርሶ እንደነበር የሚያሳየው የ1768 ሳንቲም ነው። በዚያ ዓመት መንግሥቱ በጀርባው የማዕበል ቅርጽ ያለበትን የአራት ሞን (ሞን የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) ሳንቲም ከናስ አስቀርጾ አወጣ፤ እያንዳንዱ የኤዶ ነዋሪም ወርቃማ መልክ ያለው ብረት በኪሱ ይዞ መሄድ ጀመረ። በተቃራኒው ወርቅና ብርን ቀጥቅጦ ማሳሳት በመንግሥት ፈቃድ የተገደበ ነበር፤ የቅንጦት ዕቃዎችን የሚከለክሉ ደንቦችም በየጊዜው ይወጡ ነበር። በየመንገዱ ለሚሸጥ ኅትመት ወርቅ መጠቀም ከዋጋው ባሻገር ጣጣም ያመጣ ነበር። ናስ ከሁለቱም ያድናል።

የብረት ዱቄት እውነተኛ ቤቱን ያገኘው ግን ለገበያ ባልቀረቡ ኅትመቶች ላይ ነው። በ1765 በሠዓሊው ሱዙኪ ሐሩኖቡ ስም የሚታወቀው ባለ ብዙ ቀለም ኅትመት ብቅ ያለው ሀብታም የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ለአዲስ ዓመት የሚለዋወጡትን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ለማሳመር ሲፎካከሩ ነበር። ከዚያው ልማድ ሱሪሞኖ የሚባለው ዓይነት አደገ። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «የታተመ ነገር» ማለት ብቻ ነው፤ ነገሩ ግን ከስሙ እጅግ ይልቃል። ኪዮካ የሚባለውን ቀልደኛ ግጥም የሚገጥሙ ማኅበራት አባሎቻቸው ያዘጋጁትን ግጥም ከሥዕል ጋር አሳትመው በተለይ በዓመት መባቻ ለወዳጅ ይሰጡ ነበር። ኪዮካ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም እየሸመነ የሚጫወት በመሆኑ፣ ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ጣዕሙን ለመገመት አይቸገርም። ወጪውን የሚችለው አሳዛዡ ነው፤ ትርፍ አይፈለግበትም፤ የሚታተመውም በጥቂት ቅጂ ነው። በገበያ ላይ ዋጋን የሚያንር ማንኛውም ነገር፣ ወፍራም የሆሾ ወረቀት ይሁን ተጨማሪ እንጨት ወይም የሚባክን ዱቄት፣ እዚህ የአክብሮት መግለጫ ይሆናል።

በተለይ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሥርት ዓመታት ሱሪሞኖ በአብዛኛው በጎን ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ይታተም ነበር፤ በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችል ነገር ነው። ይህ መጠን ለብረቱ ወሳኝ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አንድ ቦታ ቆሞ ይታያል፤ በእጅ የተያዘ ወረቀት ግን ይዘነበላል፣ ወደ ብርሃን ይጠጋል፣ ይርቃል። ማታ በወረቀት በተጋረደ የዘይት ፋኖስ አጠገብ ሲያዘነብሉት ቀድሞ ጨለማ የነበረው ሰይፍ በቅጽበት ይበራል፣ መልሶ ይጠፋል። ኩቦ ሹንማን፣ ቶቶያ ሆኬይና ያሺማ ጋኩቴይ የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ይህን በማሰብ ይነድፉ ነበር፤ በጋኩቴይ ሥራዎች ላይ የጦር ልብስ፣ የሐር ጥልፍና የሙዚቃ መሣሪያ በናስና በብር መልክ ዱቄት ተሞልተው ይታያሉ። ብረቱም ብቻውን አይመጣም። ካራዙሪ፣ ማለትም «ባዶ ኅትመት» በሚባለው ስልት ቀለም ያልተቀባ እንጨት በወረቀቱ ላይ ተጭኖ ቅርጹን እንደ ማኅተም ያሠርጻል፤ በዚህ ከፍና ዝቅ ባለ ገጽ ላይ ብረት ሲጨመርበት ብርሃኑ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ይሰበራል፣ ጠፍጣፋው ወረቀት የተቀረጸ ጌጥ ይመስላል። በእኔ አስተያየት የጃፓን አታሚዎች ብቃት ጫፍ የደረሰው በእነዚህ ትንንሽ ወረቀቶች ላይ ነው፤ የሠዓሊው ስም ከሥዕሉ ጋር ሲቀር ያንን ሁሉ የሠራው አታሚ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለሽ መሆኑ ያሳዝናል።

ለገበያ የሚታተሙትም ቢሆኑ ብልጭታን ጨርሰው አልተዉም፤ ርካሽ በሆነው በሚካ ተኩ እንጂ። ጃፓኖች ኪራ ይሉታል። አሳታሚው ፁታያ ጁዛቡሮ ከ1792 ገደማ ጀምሮ ያሳተማቸው የኪታጋዋ ኡታማሮ የሴቶች ምስሎች ጀርባቸው በሚካ የተሞላ ነው፤ በ1794 ያው አሳታሚ ያቀረባቸው የቶሹሳይ ሻራኩ የመጀመሪያዎቹ 28 ትልልቅ የተዋናይ ምስሎች ደግሞ በጥቁር ቀለም ላይ ሚካ ተደርቦባቸው የጠቆረ መስተዋት ይመስላሉ። ሚካው ከሙጫ ጋር ተለውሶ አንዳንዴ በእንጨት ይታተማል፣ አንዳንዴም ምስሉን በተቆረጠ ወረቀት ሸፍኖ በሰፊ ብሩሽ ይቀባል። ቅንጣቱ በተፈጥሮው ጠፍጣፋ ስለሆነ የመቀጥቀጥ ድካም አይጠይቅም፤ ብረት ስላልሆነም አይዝግም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሠዓሊው ሐሺጉቺ ጎዮ በ1920 ጸጉሯን የምታበጥር ሴት ሥዕል ሲያሳትም የመረጠው ጀርባም ይኸው ሚካ ነበር። የሚካ ጠላት መፋቅ ነው፤ ሙጫው ሲደክም ዱቄቱ ይረግፋል፣ ብዙዎቹ የሻራኩ ቅጂዎችም እዚህም እዚያም ተራቁተዋል።

ብር መሰሉ ዱቄት ከሁሉም የበለጠ ያደናግራል። ሦስት ዕጩዎች አሉት፦ እውነተኛ ብር፣ ቆርቆሮ እና ሚካ። አዲስ ሲሆኑ ሦስቱም በሩቅ ይቀራረባሉ። ብር ከሁሉ ይልቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ ቆርቆሮ ደብዘዝ ያለና ረጋ ያለ ነው፤ ሚካ ወደ ዕንቁ ይጠጋል። ዕድሜ ግን ይለያቸዋል። ብር በአየር ውስጥ ካለው እጅግ ጥቂት የድኝ ውሑድ ጋር እየተገናኘ ጥቁር የብር ሰልፋይድ ይሆናል፤ የብር መስቀል በሣጥን ውስጥ ሲከርም የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። መስቀሉን ግን መወልወል ይቻላል። ወረቀት ላይ ያለው የብር ሽፋን ስስ በመሆኑና ሙጫና ጭረት ስላለበት ለመወልወል መሞከር ማጥፋት ነው። ቆርቆሮ እንደ ብር ፈጥኖ አይጠቁርም፤ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ ዛሬ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ የምናየው ወንዝ ወይም ጨረቃ አዲስ በነበረ ጊዜ የሥዕሉ እጅግ ብሩህ ክፍል የነበረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው «ምን ያለ ሐዘንተኛ ሌሊት ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ሠዓሊው ግን የነደፈው ብርሃን ነበር።

የናስ ዕጣ ከዚህ ይከፋል፣ ምክንያቱም ጉዳቱ በራሱ ላይ አይቆምም። በናሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ በመጨረሻም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ዱቄት በመሆኑ ከጠጣር ብረት እጅግ የሚበልጥ ገጽ ለአየር የተጋለጠ ነው፤ የናስ ሳህን በብዙ ዓመታት የሚደርስበት ለውጥ ዱቄቱን ፈጥኖ ይደርስበታል። የያዘው ሙጫም ያግዘዋል፦ ሙጫው እርጥበት ይስባል፣ በውስጡ የቀረ ስብ ካለም ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል። ከዝገቱ የሚለቀቀው መዳብ ወደ ወረቀቱ ዘልቆ ሲገባ ደግሞ ሴሉሎስ የሚባለው የጭረቱ መሠረታዊ ክፍል ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገውን ውህደት ያፋጥናል። ወረቀቱ ቡናማ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ክፉኛ ሲጠናበትም ናሱ ባረፈበት ቅርጽ ልክ ይሰባበራል። ሱሪሞኖ ብዙ ጊዜ በአልበም ተለጥፎ ይቀመጥ ስለነበር የአንዱ ገጽ ናስ በፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ የራሱን ጥላ ትቶ ይገኛል፤ የማይዛመድ አረንጓዴ ጥለት በሥዕሉ ሰማይ ላይ ያየ ሰው ከጎረቤቱ የተጋባበት መሆኑን መጠርጠር አለበት።

ወርቅ ከእነዚህ ችግሮች ሁሉ ነጻ ነው፤ አይዝግም፣ አይጠቁርም። ነገር ግን «ያልጠቆረው ወርቅ ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ በደረቅ ቦታ በጥንቃቄ የተያዘ፣ ወይም በሙጫ በደንብ የተሸፈነ ናስም እስከ ዛሬ ሊያበራ ይችላል። ለዚህ ነው ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ይባላል። መሣሪያው ትንሽ ነጥብ ላይ ኤክስሬይ ይልካል፤ በዚያ ያሉት አቶሞች ተቀስቅሰው የየራሳቸውን ልዩ ጨረር መልሰው ይለቃሉ፤ መዳብና ዚንክ አብረው ከታዩ ናስ፣ መዳብ ብቻውን ከሆነ መዳብ፣ የቆርቆሮ ምልክት ከሆነ ቆርቆሮ ነው። ከወረቀቱ ምንም አይቆረጥም፣ አይነካምም። ይህ ማለት ግን መሣሪያው ሁሉን ይናገራል ማለት አይደለም፦ የትኛው ንጥረ ነገር እንዳለ እንጂ በምን ቅርጽ እንዳለ አይለይም፤ ጨረሩም ከላይኛው ሽፋን አልፎ ከሥሩ ያለውን ቀለም አብሮ ያነብባል። ከብርቱካናማው ታን በላይ የተነሰነሰ ናስ እርሳስ ያለበት ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ውጤቱን በአጉሊ መነጽር ከሚያየው የቅንጣት ቅርጽ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል፤ ጠፍጣፋ ወይም የተሞረደ መሆኑን የሚነግረው አጉሊ መነጽሩ ነው። እያንዳንዱን ሥዕል እንዲህ መመርመር ለማንም ቤተ መዘክር ስለማይቻል፣ ካርዷ «የብረታ ብረት ዱቄት» ብላ መቆሟ ሐቀኝነት ነው።

የዘመኑ ለውጥም ነገሩን ያወሳስበዋል። በ1842 ቅንጦትን ለመግታት በወጣው በቴምፖ ማሻሻያ ጊዜ መንግሥቱ በየኅትመቱ የሚገቡትን ቀለሞች ብዛት ገደበ፣ የአንዱን ወረቀት ዋጋም ከ16 ሞን እንዳይበልጥ አዘዘ፤ ይህም ቀደም ሲል የጠቀስነው የናስ ሳንቲም አራት ፍሬ ማለት ነው። በዚያ ዋጋ የሚያብለጨልጭ ነገር ማተም አይታሰብም። እገዳው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላላ፤ ይሁንና የግጥም ማኅበራቱ ዘመን ቀድሞውንም እየደበዘዘ ነበር። በመቶ ዘመኑ መጨረሻ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ሱሪሞኖን በጉጉት ሲፈልጉ፣ ጃፓን ውስጥ የድሮዎቹን ንድፎች እንደ አዲስ በእንጨት ቀርጾ የማሳተም ሥራ ተስፋፋ። እነዚህ ቅጂዎች በደንብ የተሠሩ በመሆናቸው ብዙ ስብስቦች ውስጥ እንደ ኦሪጅናል ሆነው ገብተዋል። የሚለዩት በመስመሩ ጥቃቅን ልዩነት፣ በወረቀቱና በቀለሙ ሲሆን፣ ብረቱም ከምስክሮቹ አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ኅትመት የሚጠብቅ ሰው ከሁለት የተለያዩ ጠላቶች መጠንቀቅ አለበት። ዕፅዋታዊ ቀለሞቹን፣ በተለይ ከሱፍ አበባ የሚወጣውን ሮዝና ከአበባ የሚጨመቀውን ሰማያዊ የሚያጠፋቸው ብርሃን ነው፤ በዚህም ምክንያት በኤግዚቢሽን ላይ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል። ብረቱን የሚጎዳው ግን እርጥበት፣ ድኝ ያለበት አየርና የሰው ጣት ላብ ነው። ከሱፍ ጨርቅና ከጎማ የሚወጣ ጋዝ ብርን ያጠቁራል፣ ስለዚህ ከእነዚህ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። እዚህ ላይ የሚያሳዝን ግጭት አለ፦ ቀለሙን ለማትረፍ ብርሃኑ ሲቀነስና ወረቀቱ በመስተዋት ውስጥ ሲታሸግ፣ በመዘንበል ብቻ የሚነቃው ብረት እንደ ሞተ ይቀራል። ፎቶግራፍም አይረዳም፤ ለቀለሙ ሲባል ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል እንዲሆን ስለሚደረግ ናሱ እንደ ሰናፍጭ፣ ሚካው እንደ አመድ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ቤተ መዘክሮች ብርሃኑን ከጎን እያዘዋወሩ ደጋግመው በማንሳት ይህን ለማስተካከል ይሞክራሉ።

በእጁ የመያዝ ዕድል ያገኘ ሰው ደግሞ የፊቱን ገጽ ካየ በኋላ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገልብጦ ጀርባውን መመልከት ይኖርበታል። ሠዓሊውም ሆነ አታሚው ለማንም እንዲታይ ያላሰቡት ያ ጀርባ ብዙ ይናገራል። የባረኑ ክብ ፍትጊያ በነጩ ወረቀት ላይ ተሥሎ ይገኛል፤ ተራው ቀለም እንደ ደብዛዛ ጥላ ዘልቆ ይታያል፤ ናስ በነበረበት ቦታ ደግሞ የሰይፉ እጀታ፣ የመቀነቱ ጥልፍ ወይም የአበባው ቅጠል ቅርጹን ሳይስት፣ ጠርዙ ወደ አረንጓዴ ባደላ ቡናማ እድፍ ተገልብጦ ወጥቷል።